የእህተ ማርያም እሪታ

ደስታነሽ ብለው ስም ሲያወጡልኝ የተሳሳቱት ወላጆቼ ናቸው እንጂ እኔ ያጠፋሁት የለም። ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ እኔ የማልሰማ መስሏቸው "ቁጣነሽ" ይሉኝ ነበር። ይበሉ። እኔ ያየሁትን ያየ ሰው ካልተቆጣ ደሙ ቀዝቅዟል ማለት ነው። ይህን የማወጋችሁም ተቆጥቼ ነው፤ ስንት ዓመት አልፎት እንኳ አልበረደልኝም።

ነገሩ የሆነው በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በበዓለ ሃምሳ ነው። በዚያ ዓመት ፒላር የምትባል ስፔናዊት የውኃ መሐንዲስ ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከጅጋ ወደ ገጠሩ ገባ ብሎ ሾላ ምንጭ የሚባል ቀበሌ አለ፤ እዚያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ምንጭ አጎልብቶ ለመንደሩ ቦኖ ውኃ ሲዘረጋ ቧንቧውን የቀየሰችው እሷ ናት። አማርኛዋ ከ"እንዴት አደርሽ" አያልፍም፤ እንግሊዝኛዋም ቢሆን አንድ እግሩን የሚጎትት ነበር። ስለዚህ ወደ መንደር ስትወርድ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ከግቢ ስንወጣ ሰው "መምህርት፣ ዛሬም ከፈረንጅሽ ጋር ነሽ?" እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከግቢያችን ጀርባ ያለው ቡና ቤት ቴፑን እስከ ጥግ ለቀቀው። የቤታችን ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፒላር ሁለት ጆሮዋን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣችና በእንግሊዝኛ "ይህ ምን ዓይነት ስካንዳል ነው?" አለችኝ።

ሳቅሁባት። የአስተማሪ አመል ነው፤ ስህተት ሲሰማ ዝም አይልም። "ይህማ ጩኸት ነው" አልኳት። "ስካንዳል የሚባለው ባለ ቡና ቤቱ የደብሩን ከበሮ ሰርቆ ቢሸጥና ቢታወቅበት ነው። ለተማሪዎቼ ቅሌት ብዬ ነው የማስተምራቸው። መጀመሪያ ነውር መሠራት አለበት፤ ከዚያ ይወራል፣ አገር ጉድ ይላል።"

"በእኛ ቋንቋ እስካንዳሎ ሁለቱም ነው" አለች። "ነውሩም እስካንዳሎ ነው፣ ሁካታውም እስካንዳሎ ነው። ልጆች ሆነን ስንንጫጫ እናቴ 'ይህን እስካንዳሎ አቁሙ' ነበር የምትለን።"

"ስለዚህ ከበሮ የሰረቀውንና ቤት ውስጥ የሚንጫጫውን ሕፃን በአንድ ስም ትጠሯቸዋላችሁ?"

ትከሻዋን ሰበቀች። መነኮሳት ቤት ስትማር የሰማችውንም ጨመረችልኝ፤ የሁለቱም ቋንቋ ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፣ እዚያ ደግሞ ወጥመድ ወይም ሰው የሚሰናከልበት ድንጋይ ማለት ነበር አለችኝ። እኔም ደስ አለኝና ሰኞ ክፍል ገብቼ ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ ድንጋዩን፣ ነውሩን፣ ጩኸቱን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ "ቲቸር፣ ፈተና ላይ የሚመጣው የትኛው ነው?" አለኝ። ሌላ ምን ይጠይቀኛል።

የምረቃው ቀን ደረሰ። ሾላ ምንጭ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል፤ በግ ታርዷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ላይኛው ቦኖ አጠገብ ጥብጣብ ተወጥሯል። ከወረዳው ምሥጋና የሚባል ወጣት ሹም መጥቷል፤ በዚያ አቧራ ላይ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ሲናገር "ከልማት አኳያ" ሳይል ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ ልጅ። የቀበሌው ሊቀመንበር ትዕዛዙ ደግሞ አዲስ ጋቢ ደርቦ ወዲያ ወዲህ ይላል። ትዕዛዙን የማያውቀው የለም። ማዳበሪያ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ነው፤ መሬት ሲለካ ገመዱ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በእሱ ዓይን ነው። ሰው ሲያየው ባርኔጣውን ያነሳል፤ ሲያልፍ ደግሞ ምራቁን ይተፋል።

ፒላር ጥብጣቡን ቆረጠች። ውኃው ተንፎለፎለ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ሁላችን ድንኳን ገባንና መብላት ጀመርን።

እሪታው የመጣው ያኔ ነው።

እሪ ማለት በእኛ አገር ቀልድ አይደለም። ቤት ሲቃጠል፣ ጅብ በረት ሲገባ፣ ሰው ሲሞት ነው እሪ የሚባለው። የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ፣ የጎረሰውን ተፍቶ ይሮጣል። የሾላ ምንጭ ዕድር ሰምቶ የቀረውን ይቀጣል፤ ያለ ነገር እሪ ብሎ ሰው ያስደነገጠውንም ይቀጣል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ስለዚህ ድምፁ ሲሰማ ወንዶቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ተነሥተውም ወደ ትዕዛዙ ተመለከቱ። ትዕዛዙ ቀና ሳይል እንጀራውን ይጠቀልላል። እነሱም አንድ በአንድ ተመልሰው ተቀመጡ። ሱሪያቸውን እያስተካከሉ፣ የተነሡት ለዚያ ብቻ እንደሆነ ሁሉ። በዓይኔ ነው ያየኋቸው። ዛሬም ድረስ ያ አቀማመጥ ትዝ ሲለኝ እጄን ያሳክከኛል።

ድንኳኑ አፍ ላይ አንዲት ሴት ቆመች። እህተ ማርያም ትባላለች፤ ታችኛው ሰፈር የምትኖር፣ ይሄይስ የሚባል ባሏ ለወራት አልጋ ይዞ የተኛባት ሴት ናት። ባዶ ጄሪካን ዘቅዝቃ ይዛለች።

"እናንተ ሰዎች" አለች፣ ድምፅዋ ከእሪታው ሰልሎ። "ታችኛው ቦኖ ከተተከለ ጀምሮ ጠብታ አልወጣውም። ሦስቴ አመለከትኩ፣ ሦስቴ ጠብቂ ተባልኩ። ይሄይስ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል፤ ወንዝ ወርጄ እስክመለስ በሕይወት ላላገኘው ነው። ውኃው የት ነው የገባው?"

ምሥጋና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "መምህርት፣ እልልታ ነው ይበሏት" አለኝ። "በደስታ ነው የምትጮኸው ይበሏት ለፈረንጇ።"

"አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ እልልታ የየት አገር ነው?"

"የልማት ሥራ ነው እኮ፤ ባያበላሹብን ምናለ?" አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። እልልታ ነው ይበሏት አለኝ። ለሠርግ የሚባለውን እልል፣ ለታቦት የሚባለውን እልል፣ ሴትዮዋ አንጀቷ ተቃጥሎ ላወጣችው ድምፅ ልስጠው። ወደ ፒላር ዞሬ ሴትዮዋ ያለችውን ቃል በቃል ነገርኳት።

ፒላር ፊቷ ቀላ። "ዛሬ?" አለችኝ። "በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ይህን እስካንዳሎ ከመፍጠሯ በፊት ለምን መጥታ አልነገረችኝም?"

"በምን ቋንቋ ትንገርሽ?" አልኳት።

ፒላር ታችኛውን ቦኖ ልየው ብላ ስትነሳ ትዕዛዙ ቀደማት። መኪና አይገባም አለ፤ ቧንቧው አየር ይዞ ነው አለ፤ ነገ ይስተካከላል አለ። እኔ ይህን ስተረጉም ሁለት ሚሊሻዎች እህተ ማርያምን በግራና በቀኝ ይዘው እየወሰዷት ነበር። ማታ ለቀቋት። ወጡ ግን ተበልቶ አለቀ፤ ንግግሩም ተነበበ።

በሳምንቱ ቅዳሜ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ለገበያ ፍኖተ ሰላም መጥተው ቤቴ ጎራ አሉ። የእናቴ የአጎት ልጅ ናቸው፤ የሾላ ምንጭ ዕድርም ዳኛ ናቸው። ጠላ ቀድቼ ሳቀርብላቸው አልቀመሱትም፤ ያኔ ነገር እንዳለ ገባኝ።

"እህተ ማርያም ተከሳለች" አሉኝ።

"በማን?"

"በትዕዛዙ። በዕድር ነው የከሰሳት። ያለ ነገር እሪ ብላለች፣ እሳት የለ፣ አውሬ የለ፣ አገሩን በእንግዳ ፊት አዋረደች ይላል። ወይ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ወይ ከዕድር ትውጣ ነው የሚለው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንፈርዳለን።"

"ይሄይስስ?"

"ዛሬ ነገ የሚባል ሆኗል። ከዕድር ከወጣች ማን ይቆፍርለታል? ማን ይሸከመዋል? ሴትዮዋ የምትፈራው ይህንኑ ነው፤ እሱም አውቆ ነው በዚህ የመጣባት።"

"መሪጌታ፣ እርስዎ ዳኛ አይደሉም?" አልኳቸው። "ውኃውን ማን እንደወሰደው አያውቁም?"

"አገር ያውቀዋል። ላይ ያለው የእሱ የበርበሬ ችግኝ መደብ ነው የሚጠጣው። ግን ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል፣ ልጄ? ክረምቱ ደርሷል፤ ማዳበሪያው በእሱ እጅ ነው።" ከዚያ ጠላውን አንሥተው ጠጡ፤ እኔን ላለማየት ይመስለኛል።

እሳቸው እንደወጡ ፒላር ክፍል ገባሁ። በሩን አላንኳኳሁም። "ስሚ" አልኳት፣ "ሰሞኑን ቃል ስንቆጥር አልነበር? እንግዲህ ሾላ ምንጭ የትኛውን እንደመረጠ ልንገርሽ። ነውሩን ትቶ ጩኸቱን ከሷል። ውኃ የሰረቀው ከሳሽ ነው፣ ውኃ የጠየቀችው ተከሳሽ ናት። አንቺም ድንኳን ውስጥ ያየሽው አፏን እንጂ ጄሪካኗን አልነበረም።"

ፒላር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ቧንቧው አየር አልያዘም" አለች። "ያን ቀንም አውቄዋለሁ። አየር ቢይዝ ላይኛውም ይንተፋተፍ ነበር። ግን ርክክቡ በሰላም እንዲያልቅ ፈለግሁ።"

"እኔንም ያናደደኝ ያ ነው" አልኳት።

"ነገ አብሬሽ እመጣለሁ" አለች።

እሁድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ዕድሩ ሾላው ሥር ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በሌላ በኩል። ለትዕዛዙ ወንበር ወጥቶለታል፤ ሌላው ድንጋይና ግንድ ላይ ነው። እህተ ማርያም መሐል ቆማለች። ይሄይስን ለጎረቤት ጥላው ስለመጣች ዓይኗ በየጊዜው ወደ ታችኛው ሰፈር ይሄዳል።

ትዕዛዙ ተናገረ። ስለ ልማት ተናገረ፣ ስለ ፀረ ልማት ተናገረ፣ መንግሥት ለዚህ ሕዝብ ስላሰበው ተናገረ። ውኃ የሚለውን ቃል አንድም ቀን ያልሰማ ሰው እንኳ ከዚያ በላይ ሊሸሸው አይችልም።

ፒላር እጇን አነሣች፤ መሪጌታ እንግዳ ናት ብለው ፈቀዱላትና በእኔ በኩል ጠየቀች። "ከዋናው ቧንቧ ወደ ላይኛው ማሳ የሚሄድ ቅጥያ አለ ወይ?"

"እኔ ማሳ የለኝም እዚያ" አለ ትዕዛዙ። "ያ የበርበሬ መደብ የወጣቶች ማኅበር ነው። የሚጠጣውም የዝናብ ውኃ ነው።"

ዝናብ። ግንቦት ገብቶ ጠብታ ሳይጥል፣ ከብቱ አቧራ እየላሰ። ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። አንድ ሰው እንኳ "የቱ ዝናብ?" አላለም። ከአፌ ሊያመልጠኝ ሲል መሪጌታ በዓይናቸው ገቱኝ፤ የዕድሩ አባል ስላልሆንኩ እዚያ መናገር አይፈቀድልኝም። ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። በጣም ነው የነከስኩት።

ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው መከሩና ተመለሱ። መሪጌታ ቆመው ፈረዱ። ድምፃቸው የራሳቸው አይመስልም ነበር።

"እህተ ማርያም፣ ዕድሩ እንዳያስወጣሽ ድንጋይ ተሸክመሽ የበደልሽውን ይቅርታ ጠይቂ። የተበደለው ድንጋዩን ከጫንቃሽ ያነሣልሻል። እሱ ሳያነሣው አይወርድም፤ ሌላም አያነሣውም። ሥርዓቱ ይኸው ነው።"

የበደልሽውን ሲሉ ስም አልጠሩም። ምን ስም ያስፈልገዋል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ትዕዛዙም ያውቀዋል፤ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፣ ጋቢውን መለስ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሴት ልጅ እግሩ ሥር እስክትንበረከክለት መጠበቁ አላሳፈረውም።

"እሺ" አለች እህተ ማርያም። እንዲህ ፈጥና እሺ ትላለች ያለ አልነበረም። ከሾላው ግንድ ሥር ድንጋይ መረጠች። ትንሹን እንድትወስድ አንዷ ሴት ብትጠቁማትም አልወሰደችም፤ ከበድ ያለውን በሁለት እጇ አንሥታ ማጅራቷ ላይ ጫነችው። አንገቷ ጎበጠ። ከዚያ መራመድ ጀመረች።

ትዕዛዙ ፊት ደረሰች። አልቆመችም። አልፋው ሄደች።

መጀመሪያ ሰው የተሳሳተች መስሎት ነበር። "ወዲህ፣ ወዲህ ነው" አላት አንዱ። እሷ ግን ሽቅብ ወጣች፣ ወደ ላይኛው መንገድ። ሥርዓቱ ደግሞ ድንጋይ የተሸከመን ሰው ብቻውን አይተውም፤ ሽማግሌ ከኋላው መከተል አለበት። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንሥተው ተከተሏት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ተከተሉ፣ ከዚያ ዕድሩ በሙሉ ተነሥቶ ሄደ። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ብቻውን ወንበሩ ላይ መቅረት አልቻለምና እሱም መጣ።

ከዳገቱ ጫፍ የእሾህ አጥር አለ። እህተ ማርያም በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች። ውስጡ የበርበሬ ችግኝ መደብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ፣ በዚያ ሁሉ ደረቅ አገር መሐል። ከአፈር ውስጥ ጥቁር ቱቦ ብቅ ብሎ ውኃው ኩልል እያለ በየቦዩ ይሄዳል። ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"በርበሬዎቼ" አለች፣ ከድንጋዩ ሥር። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ግን ሁላችን ትንፋሻችንን ውጠን ነበርና ለሁሉም ተሰማ። "የበደልኩት እናንተን ነው። ውኃችሁን ለሰው ልስጥ ብዬ እሪ አልኩ። ባሌ ከእናንተ ቀድሞ ይጠጣ አልኩ። ድፍረት ነው፣ ይቅር በሉኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና ወዲያው አፉን ያዘ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን ጭቃው ላይ ተከሉና ዞረው ዕድሩን ተመለከቱ። አሁን ድምፃቸው የራሳቸው ነበር።

"ይቅርታ ተጠይቋል" አሉ። "ችግኝ እጅ የለውም። የመደቡ ባለቤት ይምጣና ድንጋዩን ያንሣላት።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዓይን ሁሉ ወደ ትዕዛዙ ሄደ። ካነሣው መደቡ የእሱ ነው፤ ካላነሣው ሴትዮዋ እዚያው ትቀራለች። ላብ በግንባሩ ወረደ። "የማኅበሩ ሊቀመንበር ያንሣላት" አለ።

"ማን ነው እሱ?" አሉ መሪጌታ።

እንዲህ ያለ ማኅበር ተሰብስቦ ያየ ሰው ሾላ ምንጭ ውስጥ አልነበረም።

ውኃው ጉልበቷን እያራሰ ያልፋል። አንገቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፒላር አልቻለችም፤ ሮጣ ልታነሣላት ስትል ክንዷን ይዤ አስቀረኋት። "አትንኪ" አልኳት። "ካነሣሽው መደቡ ያንቺ ነው ይሉሻል፤ ለሱም መውጫ ትሰጭዋለሽ።" ወንድ ነን የሚሉት ሁሉ ቆመው ያያሉ፤ አንዱ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጫማው። አንዲት ሴት በድንጋይ ሥር ስትሰበር ለማየት ይህን ያህል ሰው ዳገት ወጣ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ከአጥሩ በኩል የምርኩዝ ድምፅ መጣ። እሜቴ ሸጋዬ ናቸው፣ የትዕዛዙ እናት። እርጅና ተጫጭኗቸው ከሁሉም ኋላ ነው የደረሱት። "ምንድነው ይህ ሁሉ ሰው?" አሉ። አንዷ ሴት በጆሯቸው ነገረቻቸው። እሜቴ ሸጋዬ ልጃቸውን አዩት። እሱ ወደ ሌላ ዞረ።

ምርኩዛቸውን ጣሉና እየተንገዳገዱ ጭቃው ውስጥ ገቡ። ያን ድንጋይ በእነዚያ ቀጫጭን እጆች ከእህተ ማርያም ማጅራት አንከባልለው አወረዱት። እሷንም ደግፈው ሊያነሡ ሲሞክሩ ሁለቱም እዚያው ተቀመጡ።

"መደቡ የልጄ ነው" አሉ እሜቴ ሸጋዬ። "ጎንበስ ብዬ አረሙን የምነቅልለት እኔ ነኝ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቄው 'ዝም በይ' ብሎኛል፤ እኔም ዝም አልኩ። ይቅር ብዬሻለሁ፣ እህተ ማርያም። አንቺም ይቅር በይን።" ከዚያ ቀና ብለው "ትዕዛዙ፣ ና ይህን ቱቦ ንቀል" አሉት።

አልመጣም። ፊቱ ጠቁሮ ቁልቁል ሄደ። እሱ ከአጥሩ እንደወጣ እነዚያ ድንኳን ውስጥ ሱሪያቸውን ሲያስተካክሉ የነበሩት ወንዶች ጭቃው ላይ ተረባረቡ። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ "እኔ ድሮም ብዬ ነበር" ይላል። አሁን ጀግና ሆኑ። ፒላር በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጥያውን በእጇ ዘጋችው፤ የለበሰችው ነጭ ሸሚዝ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ዞር ብላ አላየችኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውኃው ታችኛው ቦኖ ደረሰ። መጀመሪያ አፈር ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። እህተ ማርያም ያንን ጄሪካን ሞልታ ገባች፤ ይሄይስ ከደጁ የተቀዳ ውኃ ጠጣ። ሲጠጣ "ይህስ የማነው?" ብሎ ጠየቃት አሉ። "የኛ ነው" አለችው።

ብዙም አልቆየ። በሰኔ መጀመሪያ ሞተ። የወንዝ ውኃ ባይጠጣ፣ ቶሎ ንጹሕ ውኃ ቢያገኝ ይተርፍ ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚያ ሳስብ የሚመጣብኝን ቁጣ ግን እኔው አውቀዋለሁ።

ጡሩንባው ተነፋና ዕድሩ አንድም ሳይቀር ወጣ። ቆፈሩለት፣ ተሸከሙት፣ ካህናቱ ፈቱት። ሬሳውን ያጠቡት ከደጁ በተቀዳ ውኃ ነው። እሷ የፈራችው አልደረሰባትም፤ ለዚህ ብዬ አመስግኛለሁ። ትዕዛዙ ግን ሊቀመንበር እንደሆነ ነበር። ወረዳው "ጥቃቅን የቴክኒክ ችግር ተስተካክሏል" ብሎ ነገሩን ዘጋው፤ ምሥጋና ደግሞ እድገት አግኝቶ ቡሬ ተዛወረ አሉኝ። ትዕዛዙም በዚያ አዲስ ጋቢው መጥቶ ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ማንም "አንተስ ዞር በል" አላለውም። እኔ ልለው ስል እህተ ማርያም ቀሚሴን ይዛ አስቀረችኝ።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ቤት ተቀመጥን። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ደረት ይመታል፣ የይሄይስ እህት ሙሾ ታወርዳለች። እህተ ማርያም ዝም ብላለች። እንባ የለም፣ ድምፅ የለም። ጉልበቷን አቅፋ መሬቱን ታያለች። እኔ አጠገቧ ነኝ፤ ፒላር በሌላ ወገኔ።

ከኋላችን ትዕዛዙ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰማሁ። ቀስ ብሎ መናገሩ ነው፤ ግን እንዲሰማ ነው የተናገረው።

"ባሏ ሞቶ እንኳ አታለቅስም። በእንግዳ ፊት ለመጮህ ማን ብሏት፤ ዛሬ እሪ በሚባልበት ቀን ዝም። ምን ዓይነት ነውር ነው ይህ?"

ደሜ ወደ ጭንቅላቴ ወጣ። ፒላር ከፊቴ አይታ "ምን አለ?" አለችኝ። አልተረጎምኩላትም፤ ለዚህ የሚሆን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አልነበረኝም። አፌን ልከፍት ስል እህተ ማርያም ዞራ ተመለከተችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"እሪ ያልኩት በሕይወት እያለ ነው" አለችው። "ያኔ ነበር መምጣት።"

ሙሾው ተቋረጠ። ቤቱን የሞላው ሰው ሁሉ፣ ያን ቀን ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ የተቀመጠው ሁሉ፣ ሰምቷታል።